ለገና በእጅ የሚሰራ ስጦታ ምን ይሻላል? (እስከ 34ኛው መልስ የተባለው)

ሰላም እንዴት ናችሁ የመድረኩ ቤተሰቦች። ይሄን የውይይት ክር ህዳር መጨረሻ ላይ የከፈትኩት እኔ ነኝ፣ አሁን መልሱ 34 ደርሷል፣ አዲስ የሚገባው ሰው ደግሞ ወደ ላይ ሳያነብ መልስ ያገኘውን ጥያቄ እንደገና ይጠይቃል፣ መሃል ላይ የተነሳው ጭቅጭቅም ጥሩ ጥሩውን ነገር ሸፍኖታል። ስለዚህ ማን ምን እንዳለ በቁጥሩ ተራ በራሴ አፍ ላውራላችሁ። ያዛባሁት ካለ ባለቤቱ ይምጣና ያርመኝ።

መጀመሪያ የጻፍኩት ይሄ ነበር። ቤታችን ባህር ዳር ሽምብጥ ነው። ኑሮው እንዴት እንደከበደ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ ግን ለገና ባዶ እጄን የማልሄድባቸው ሰዎች አሉ፤ የክርስትና እናቴ፣ ግድግዳ የምንጋራቸው ሁለት ጎረቤቶች፣ አዲስ አበባ ያለችው አክስቴ፣ እና ስምንተኛ ክፍል ያስተማሩኝ መምህር። አምና እማዬ ጠጅ ስትጥል ከተረፈው ሰፈፍ ጧፍ ሰርታ ነበር፣ አስሩን በነጭ ሻሽ ቁራጭ አስሬ ለክርስትና እናቴ ይዤላቸው ሄድኩ። እሳቸው ጧፉን አፍንጫቸው ስር አድርገው ብዙ ቆዩ። የማሩ ሽታ እኮ አይለቀውም። ከዛ አስቀምጠውኝ ልጅ ሆነው ከእናታቸው ጋር ለገና ሌሊት ጧፍ ሲሰሩ የነበረውን እስኪመሽ አወሩኝ፣ ይሄን ሁሉ አመት ስመላለስ ያን ታሪክ ሰምቼው አላውቅም። እና በእጅ የተሰራ ስጦታ ምንም ወጪ የለውም፣ ከሱቅ ከሚመጣው ደግሞ ይበልጣል ብዬ ጻፍኩና እናንተ ምን ምን እንደምትሰሩ ጠየቅኩ። ያቺ ምንም ወጪ የለውም ያልኳት ነገር ናት በኋላ ያነታረከችን።

1ኛ መልስ ከቀበሌ 11 የጻፈች እህት ናት፣ በጣም በጨዋ አነጋገር ነው የጀመረችልን። እሷ በየአመቱ ዳቦ ቆሎ ነው የምትሰጠው። ዱቄቱን በዘይት፣ በጨው፣ በትንሽ ስኳርና በርበሬ ጠንከር አድርጋ ታቦካዋለች፣ እንደ ገመድ እያሾረች በመቀስ ትቆርጠዋለች፣ ከዛ ምጣድ ላይ በለስላሳ እሳት እጇን ሳታሳርፍ ትቆላዋለች። በምጣድ የተቆላው በዘይት ከተጠበሰው ረጅም ጊዜ እንደሚቆይና የዘይት ሽታ እንደማያመጣ ነገረችን፣ እኔም ሁለቱንም ስለቀመስኩ እስማማለሁ።

2ኛው ወዲያው ጾሙን አስታወሰ። ጾመ ነቢያት ህዳር 15 ገብቶ እስከ ገና ዋዜማ ስለሚቆይ ስጦታው ከበዓሉ በፊት የሚደርስ ከሆነ ቅቤ ወይ ወተት የገባበት ነገር ሰውየው ጓዳ ቁጭ ብሎ ነው የሚጠብቀው፣ ስለዚህ ወይ የጾም አድርጉት ወይ ላዩ ላይ የፍስክ መሆኑን ጻፉበት አለ። 3ኛዋ ይሄን ደግፋ፣ የእሷ እናት ግን ሆን ብላ ኮሰረት የገባበት ንጥር ቅቤ በጠርሙስ አድርጋ በዋዜማው እንደምትልክ ጨመረች፣ ምክንያቱም ለዶሮው የሚፈለገው ያኔ ነው። ይሄ ልመና ለማይወዱ ግን ቅቤ መግዛት ላቃታቸው ሰዎች ትልቅ ነገር መሆኑን የጻፈችበት መንገድ ልቤን ነክቶታል። በስጦታ መልክ ሲሄድ ማንም አያፍርም።

4ኛው የራሴ ነው። አምና ዳቦ ቆሎ ሞክሬ ነበር፣ ትኩሱን ፕላስቲክ ውስጥ አስሬው በሦስተኛው ቀን ለስልሶ አገኘሁት፣ አንዱ ከረጢት እንደውም ሻገተ። 5ኛው መልስ አጭርና ግልጽ ነበር፤ ሙቀት ያለው ነገር ሲታሰር እንፋሎቱ መውጫ ስለሚያጣ መልሶ ያረጥበዋል፣ ሰፌድ ላይ ዘርግቶ ማሳደር፣ ጠዋት አንዷን ሰብሮ ድምጿን መስማት፣ ቀጭ ካለች ማሸግ። በቃ።

6ኛው ላይ ነው ክሩ ክር የሆነው። ዘጌ ተወልደው አሁን ከተማ የሚኖሩ ጡረታ የወጡ አባት ናቸው፣ እድሜያቸውንም ስለጠቀሱ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ስለ ጧፍ የጻፉት ረጅም ነው ግን አንድም የሚጣል ቃል የለውም። ሰፈፉ መጀመሪያ በብዙ ውሃ ይፈላል፣ ከዛ ትኩሱን በጨርቅ ከረጢት ያጠሉታል፣ ከረጢቱን በሁለት እንጨት መሃል አድርገው ይጨምቁታል፣ የወረደው ሳይነካ ያድራል። ጠዋት ሰሙ ከውሃው በላይ እንደ ድፎ ረግቶ ይገኛል፣ ቆሻሻው ከስሩ ስለሚለጠፍ በቢላ ይፋቃል። አንዴ አይበቃም፣ ሁለቴ ማድረግ ነው፣ ቸኩሎ በአንዱ ያቆመ ሰው ጧፉ ሲበራ ይንጣጣበታል።

ፈትሉ ላይ ደግሞ ጋሼ ጠንከር ብለው ነው የተናገሩት። የጥጥ መሆን አለበት፣ ናይለን የተቀላቀለበት ክር ሰሙን አይጠጣም፣ እሳት ሲነካው ራሱ ይቀልጣል። ውፍረቱም ዝም ብሎ አይደለም፤ ፈትሉ ከቀጠነ የቀለጠውን ሰም ስለማይጨርስ ይንጠባጠባል፣ ልብስም ያበላሻል፣ ከወፈረ ደግሞ ይጤሳል። እሳቸው ድሮ እናታቸው ዘንድ ባዘቶውን አይተው ስንት ድርብ እንደሚሆን ይገምቱ ነበር፣ አሁን ግን አንድ አጭር ሰርቶ አብርቶ ማየት ነው የሚሻለው ይላሉ። ማጥለቁ ብዙ ጊዜ ነው፣ እያንዳንዱ ግን ለአፍታ፤ ሰሙ ውስጥ ካቆያችሁት ፊት የያዘው ቀልጦ ይወርድና መልሳችሁ ከዜሮ ትጀምራላችሁ። በአንዱና በሌላው ማጥለቅ መሃል ደግሞ ተሰቅሎ መድረቅ አለበት። በመጨረሻ ገና ለብ እያለ ጠረጴዛ ላይ በመዳፍ ማንከባለል፣ ያኔ ይስተካከላል።

ከዛ ጋሼ ወደ ዘጌ ቡና ሄዱ፣ ከጉዳዩ ትንሽ ወጣ ቢልም ደስ ይላል። ዘጌ እንደ ሌላው ጎጃም በሬ ተጠምዶ የሚታረስበት አገር አይደለም፣ ህዝቡ ከጫካው ስር በቡናው፣ በጌሾውና በሎሚው ነው የሚኖረው፣ እና ለበዓል አንዱ ለሌላው የሚወስደው ነገር ከግቢው የለቀመው ቡና ነበር፣ ያውም ሳይቆላ። የተቆላ ቡና ሽታው ቶሎ ስለሚጠፋ ጥሬው ነው ክብር ያለው፣ ተቀባዩ ቤት በተቀባዩ እጅ ተቆልቶ ሰጪው አብሮ ይጠጣል። ይሄን ሳነብ ለመምህሬ ምን እንደምወስድ ወሰንኩ።

7ኛዋ ኬሚስትሪ የምታስተምር ናት፣ ከጋሼ አንድ ነገር ብቻ አስተካከለች፣ በትህትና። ጋሼ የነጠረውን ሰም ለማጥለቅ ሲያቀልጡት ድስቱን እሳት ላይ እንደሚጥዱ ጽፈው ነበር፣ እሷ ግን ይሄ አደገኛ መሆኑን አስረዳች። የንብ ሰም ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይቀልጣል፣ ከመጠን በላይ ከጋለ ደግሞ እንደ ዘይት እሳት ይይዛል፣ ያን ጊዜ ውሃ የደፋበት ሰው እሳቱን ፊቱ ላይ ነው የሚበትነው፣ የሚጠፋው በክዳን ታፍኖ ነው። መፍትሄው ትልቁ ድስት ላይ ውሃ ጥዶ ሰሙን በትንሹ እቃ ውሃው ውስጥ ማስቀመጥ ነው፣ ምክንያቱም ውሃ ከመፍያው በላይ አይግልም፣ እኛ ጋ ደግሞ ከፍታው ወደ 1,800 ሜትር ስለሆነ ውሃው የሚፈላው 100 ሳይደርስ ወደ 94 ዲግሪ ላይ ነው፣ ሰሙ በደህና ይቀልጣል ግን አይነድም። ጋሼ ከስሩ አመስግነዋት ልጅ ሆነው በዚሁ ምክንያት የተቃጠለ ጎረቤት እንደሚያስታውሱ ጻፉ። እባካችሁ ይሄን አንድ መልስ ሳታነቡ ሰም እሳት ላይ አትጣዱ።

8ኛው አዲስ አበባ ለሚልኩት ነው። ከዚህ እስከዛ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ መሃል ላይ የአባይ በረሃ አለ፣ ይሄ ወንድም ጧፉን ከአውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ጭኖት ሲደርስ ሁሉም ጎብጦ እርስ በርሱ ተጣብቆ አገኘው። አሁን ጠንካራ ካርቶን ውስጥ በጋዜጣ እያንዳንዱን ለይቶ ጠቅልሎ፣ ሻንጣ መሃል ልብስ ውስጥ፣ የማታ መኪና ካለ በማታ። ለአክስቴ እንዲህ ነው የማደርገው።

አሁን ወደ 9ኛው። ከዲያስፖራ ሰፈር የጻፈች እህት ናት፣ የተቆጣችው በኔ ነው፣ ልክም ነበረች። ያልኩትን መልሳ አነበበችው፤ ምንም ወጪ የለውም ብያለሁ፣ ግን ከጽሁፌ እንደሚታየው የሰራችው እናቴ ናት። በዓል ሲደርስ ሽንኩርቱን የሚከትፈው ማን እንደሆነ፣ ዶሮውን 12 ብልት አድርጎ አጥቦ የሚያወጣው ማን እንደሆነ፣ ድፎው፣ ጠላው፣ ቤት ማጽዳቱ፣ የልጆች ልብስ፣ እንግዳ ማስተናገዱ በማን ትከሻ ላይ እንደሆነ ዘርዝራ፣ በዚህ ሁሉ ላይ ቀላል የእጅ ስጦታ የሚባል ሌላ ስራ መጨመር ለማን ነው ቀላል የሆነው ብላ ጠየቀች። እሷ ባለፈው ፋሲካ ዋዜማ ቆማ እንቅልፍ እንደወሰዳትና እጇ እንደተቃጠለ ጻፈች። ሱቅ ገብታ የምትገዛት ትንሽ ነገር ለእሷ እረፍት ናት፣ ለዚህም ማንም እንዲንቃት አትፈልግም።

10ኛው ወንድ ነው፣ ነገሩን አባባሰው። እናቶቻችን በፍቅር ነው የሚሰሩት፣ በፍቅር የተሰራ ደግሞ አያደክምም፣ ዛሬ ሁሉም ነገር በሰዓት እየተቆጠረ ነው በዓል ቃናውን ያጣው የሚል ነገር ጻፈ። 11ኛዋ በአንድ መስመር ብቻ ፍቅር እጅ እንደማያጥብ ነገረችው። 12ኛው ደግሞ በጣም ሹል ነበር፣ የ10ኛውን ሰው እድሜና ትዳር እያነሳ ወደ ስድብ የሄደበት ቦታ ስላለ ያንን አልደግመውም፣ ቁም ነገሩ ግን ሰውየው በህይወቱ አንድ ልቃቂት ፈትሎ ያውቅ እንደሆነ መጠየቁ ነው። አወያዩ ገብቶ ሁለቱንም አስጠንቅቋል።

13ኛዋ የሦስት ልጆች እናት ናቸው፣ ነገሩን ያረጋጉት እሳቸው ናቸው። ለማንም አልፈረዱም። ቤታቸው የሚደረገውን ብቻ ነገሩን፤ እሳቸው ዘንድ የስጦታ ስራ በዋዜማ ሳምንት ክልክል ነው፣ የሚሰራው ህዳር ላይ ነው፣ ማርና ሰፈፍም የሚገኘው ያኔ ነው፣ የመሸ የመሸ ጊዜ ቴሌቪዥን ፊት ቁጭ ሲባል ትልቁ ልጅ ይቆርጣል፣ ትንሿ ታስራለች፣ ባላቸው ምጣዱን ይይዛሉ። ባልየው መጀመሪያ ሁለቱን ምጣድ ሙሉ አሳርረዋል፣ ሦስተኛው ላይ ለመዱ። ያረረውንም ቤተሰቡ በልቶታል።

14ኛው የኔ ይቅርታ ነው፣ እዚህም እደግመዋለሁ። የ9ኛዋን መልስ ካነበብኩ በኋላ እማዬ ጋ ቁጭ ብዬ አምና 40 ጧፍ ለመስራት ምን ያህል ጊዜ እንደፈጀባት አስቆጠርኳት። ሰፈፉን ሁለቴ አፍልቶ ማጥለል ሁለት ሙሉ ቀን። ፈትሉን መፍተል ዘጠኝ ምሽት፣ እኔ ስልኬን እያየሁ አጠገቧ የተቀመጥኩባቸው ምሽቶች ናቸው። ማጥለቁ አንድ ከሰዓት በኋላ ሙሉውን ቆማ። እኔ የሰራሁት ሻሹን ማሰርና ይዞ መሄድ ነው፣ ምስጋናውን የተቀበልኩት ደግሞ እኔ ነኝ። የክርስትና እናቴ ያን ሁሉ ሲያወሩኝ እማዬ የሰራችው ነው ማለቴን እንኳን እርግጠኛ አይደለሁም። ስለዚህ ምንም ወጪ የለውም ያልኩትን አንስቻለሁ። ዘንድሮ ሰፈፉን የማፈላው፣ የማጠልለው፣ የማጠልቀው እኔ ነኝ ብዬ ጽፌያለሁ፣ ጀምሬያለሁም፣ ከታች እመጣበታለሁ።

ከ15 እስከ 17 ያሉት ገና ዘንድሮ 28 ነው 29 ነው በሚለው ላይ ናቸው። ባጭሩ፣ ታህሳስ 29 ነው፣ ዘመነ ዮሐንስ ሲሆን ብቻ 28 ይሆናል፣ ከዛ በፊት ባለው በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ጳጉሜ 6 ስለምትሆን ነው። 17ኛው ይሄን ጽፎ ጨርሶታል፣ ከዚህ በላይ አትጨቃጨቁበት።

18ኛዋ ወደ እንቁጣጣሽ ወሰደችን። ወንዶች ልጆች መስከረም 1 ጠዋት ቤት ለቤት ይዘውት የሚሄዱት ስዕል ድሮ በራሳቸው እጅ የተሳለ ነበር፣ መልአኩ፣ ጸሐይዋ፣ አበባው፣ ዛሬ ግን ብዙው ታትሞ የሚሸጥ ሆኗል፣ ይሄ ያሳዝናታል። የእሷ ሁለት ልጆች ነሐሴን ሙሉ ራሳቸው ስለው ነው የሚያዞሩት፣ ቢጣመምም ሰው የሚሰቅለው የነሱን ነው። አደይ አበባውንም ታደርቀዋለች፤ መስከረም ላይ ጤዛው ከረገፈ በኋላ ይቀጠፋል፣ በሁለት ንጹህ ወረቀት መሃል ሆኖ ወፍራም መጽሐፍ ውስጥ ሁለት ሦስት ሳምንት ይተኛል፣ ከዛ ካርድ ላይ ይለጠፋል። ለገና ሲደርስ አደይ ሜዳ ላይ የለም፣ ካርዱ ላይ ግን ቢጫውን ይዞ ይገኛል። ርጥብ ሆኖ ከገባ ይጠቁራል፣ ለዚህ ነው ጤዛውን የምትጠብቀው።

19ኛው ደግሞ ስጦታ የሚባለው ነገር ራሱ የፈረንጅ ነው፣ እኛ ጋ በዓል መብላትና መጠየቅ ብቻ ነበር የሚል ሐሳብ አመጣ። 20ኛዋ አልተቀበለችውም፣ እኔም አልቀበለውም። ቡሄ ነሐሴ 13 ለሚጨፍሩት ልጆች የሚሰጠው ሙልሙል በእጅ የተሰራ ስጦታ ካልሆነ ምንድን ነው? እህት ያበጀችው ሰፌድ ለወንድሟ ሙሽራ ሲሄድስ? የፈረንጅ የሆነው መጠቅለያው ነው እንጂ መስጠቱ አይደለም። 19ኛው በኋላ ተመልሶ እሱ የጠላው የዋጋ ፉክክሩን መሆኑን አስረዳ፣ እዚህ ላይ ሁሉም ተስማማ።

21ኛው አዲስ ነገር ነው፣ እምቦጭ። ይሄ ልጅ በደቡብ ምስራቅ እስያና በኬንያ የእምቦጭን ግንድ አድርቀው ቅርጫትና ቦርሳ እንደሚጎነጉኑበት አይቶ፣ ጣናን ካስጨነቀው አረም ስጦታ ብንሰራስ አለ። ሐሳቡን ወደድኩት፣ ብዙ ሰውም ላይክ አድርጎታል። 22ኛዋ ግን በጥንቃቄ መለሰችለት፣ ደምቢያ በኩል በእጅ ነቀላ የተሳተፈች ናት። አንደኛ፣ ተክሉ ከ90 በመቶ በላይ ውሃ ስለሆነ 10 ኪሎ ተሸክማችሁ መጥታችሁ ሲደርቅ አንድ ኪሎም አይሞላም። ሁለተኛው ይብሳል፣ ፍሬው መሬት ውስጥ ለብዙ አመታት ሳይሞት ይቆያል፣ ከግንዱ የተቆረጠች ትንሽ ክፍልም ውሃ ካገኘች ትባዛለች፣ ስለዚህ ርጥቡን ተሸክሞ ከቦታ ቦታ መሄድ አረሙን ወዳልነበረበት መውሰድ ነው። የሚሰራ ሰው አበባና ስሩን እዛው ትቶ፣ ግንዱን ብቻ እዛው ዳር ከውሃው ራቅ አድርጎ ሙሉ በሙሉ አድርቆ ይዞ ይምጣ፣ ያውም ነቀላውን ከሚመሩት ሰዎች ጋር ተነጋግሮ። ለጣና ሲሉ ጣናን መጉዳት እንዳይሆን ሁላችሁም ይሄን አስቡበት።

23ኛዋ ለልጆች ትንንሽ የደንገል ታንኳ መስራት ቀላል ስለመሆኑ ጻፈች፣ 24ኛው በዚህ ተከፋ። እሱ ሐይቁ ዳር ካሉት የወይጦ ቤተሰቦች ነው። ቃሉ ጠንካራ ነበር ግን ቁጣው ገባኝ። ታንኳ ቀላል አይደለም፤ ደንገሉ መቼ እንደሚታጨድ፣ ስንት ቀን ፀሐይ እንደሚመታው፣ እንዴት እንደሚታሰር ከአባት ወደ ልጅ የመጣ ነገር ነው፣ ደንገሉም ከዳሩ እየጠፋ ነው፣ ትንሿን ታንኳ ሸጠው የሚበሉ ሰዎች እያሉ ሌላው ለመዝናኛ ደንገል እንዲያጭድ መምከር አይገባም። ስጦታ ከፈለጋችሁ ከእነሱ ግዙ፣ ዋጋም አትከራከሩ ነው የሚለው። 23ኛዋ ይቅርታ ጠይቃለች። እኔም እጨምራለሁ፣ ሰው በእጁ የሰራውን ገዝቶ መስጠትም በእጅ የተሰራ ስጦታ ነው፣ ያ ሰው እናንተ ባትሆኑም።

25ኛዋ ነርስ ናት፣ ሁለት ማስጠንቀቂያ ሰጥታለች፣ ሁለቱንም ያዙልኝ። ማር ስጦታ ስትሰጡ አመት ያልሞላው ህጻን እንዳይቀምስ ለቤቱ ንገሩ፣ አንጀቱ ገና ስላልጠነከረ በማር ውስጥ ሊኖር የሚችለው ጀርም በጽኑ ሊያሳምመው ይችላል። ሌላው፣ ነጭ ሽንኩርት በዘይት ውስጥ ነክሮ በጠርሙስ መስጠት ፋሽን ሆኗል፣ ፍሪጅ ሳይገባ ውጭ ከተቀመጠ ሽታውም መልኩም ሳይቀየር መርዝ ሊያበጅ ይችላል። ደረቅ ነገር፣ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ሚጥሚጣ፣ ቆሎ ስጡ፣ ጠርሙሱን 10 ደቂቃ አፍልታችሁ በደንብ ካደረቃችሁ በኋላ።

26ኛውና 27ኛው የደረቀ ዓሣ ለዘመድ ስለመላክ ነው፣ ከዛ ቆሮሶ ይሻላል አምባዛ ይሻላል ወደሚለው ገባን፣ ከስጦታውም ከገናውም ወጣን። ጾሙ ላይ ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውንም ጀምረውት ነበር፣ አወያዩ ለዛ ሌላ ክር እንዲከፈት ጠይቋል።

28ኛው የኔ ነው። እንዳልኩት የመጀመሪያውን ሰፈፍ አፈላሁ፣ አጠለልኩ፣ ክንዴ ለሁለት ቀን አመመኝ፣ የወጣው ሰም ግን ማር የመሰለ ቢጫ ሳይሆን ጥቁር ቡናማ ሆነ። ፎቶውን አያይዤ ምን እንዳበላሸሁ ጠየቅኩ። መልስ ሳላገኝ 29ኛዋ ገባች፣ ሙስሊም እህታችን ናት፣ ለኢድ ተምር ፍሬውን አውጥታ በለውዝ እየሞላች ለክርስቲያን ጎረቤቶቿ እንደምትልክ፣ ለገና ደግሞ ከእነሱ ድፎና ዳቦ ቆሎ እንደሚመጣላት ጻፈች። ስጋው በየቤቱ ይቀራል፣ ዳቦው፣ ጣፋጩና ቡናው ግን አጥር አያውቅም። ድፎውን በኮባ ቅጠሉ እንዳለ ይዘው ሲመጡ ግቢው ሁሉ እንደሚሸት ስትገልጸው እኔም ሸተተኝ።

30ኛው ያ የ10ኛው ሰው ነው። ስለ ክርክሩ ምንም አላነሳም። ሰፈፍ የት እንደሚገኝና ዋጋው ስንት እንደሆነ ብቻ ጠየቀ። ለተወሰነ ጊዜ ማንም አልመለሰለትም።

31ኛው ጋሼ ናቸው፣ ለኔ ፎቶ መልስ ይዘው መጡ። በምን ድስት እንዳፈላሁት ጠየቁኝ፣ አሮጌ የብረት ድስት ነበር፣ ጥፋቱ እሱ ነው። ብረትም መዳብም ሰሙን ያጠቁረዋል፣ የማይዝግ ድስት ወይም ልባሱ ያልተላጠ እቃ ነው የሚያስፈልገው። የጠቆረው ሰም ለመብራቱ ምንም አይሆንም፣ ለቤት አስቀረው፣ ለስጦታ ሌላ አፍላ ብለው መክረውኛል። ሁለተኛውን በሌላ ድስት ሳፈላ እውነትም ቢጫ ወጣ። 32ኛው ደግሞ ከሰም ጋር ሞራ ወይም የሻማ ሰም ቀላቅለው የሚሸጡ እንዳሉ አስጠንቅቆ፣ ንጹሁ በጥፍር ሲጫን ሳይሰባበር ጎድጎድ እንደሚልና ሲታሽ ማር ማር እንደሚሸት ጻፈ።

33ኛው ሰባታሚት አካባቢ ጠጅ ቤት ያላቸው እናት ናቸው። ለ30ኛው ሰው የመለሱለት እሳቸው ብቻ ናቸው። ከጠጁ የሚወጣውን ሰፈፍ ለሚመጣ ሁሉ እንደሚሰጡ፣ ገንዘብ እንደማይቀበሉ፣ ግን ከሰራችሁት አምስት ጧፍ ለገና ሌሊት እንድታመጡላቸው ነው የጠየቁት። ከዛ እኔ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እኛ ግቢ ተሰባስበን አብረን ብንሰራስ የሚል ሐሳብ ጣል አደረግኩ፣ ጋሼ እንደሚመጡ፣ የኬሚስትሪ መምህሯም ቴርሞሜትር ይዛ እንደምትመጣ ተናገሩ።

34ኛው የ9ኛዋ እህት ነው። እንዝርቷን ይዛ እንደምትመጣና መፍተል ለማይችል፣ ወንድም ሴትም ሳትል፣ እንደምታሳይ ጻፈች፣ ግን ቀኑ ከመቆረጡ በፊት ቡናውን ማን እንደሚያፈላና በመጨረሻ ድስቱን ማን እንደሚያጥብ እዚሁ በጽሁፍ እንዲቀመጥላት ትፈልጋለች።

ይሄው አስቀመጥኩ። ቡናው በኔ ነው፣ ጥሬውን ከዘጌ አስመጥቻለሁ፣ ራሴ እቆላዋለሁ። ድስቱን እኔና የ10ኛው ወንድም እናጥባለን፣ በውስጥ መስመር ጠይቄው እሺ ብሏል። ሰም የነካው እቃ በቀዝቃዛ ውሃ አይለቅም፣ ቱቦም ይደፍናል፣ ትኩስ እያለ በጋዜጣ ነው የሚጠረገው፣ ስለዚህ ቤታችሁ አሮጌ ጋዜጣ ካለ ይዛችሁ ኑ።